የአያ ዘውዱ ለቅሶ በሲኒማ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ጎንደር አራዳ ውስጥ ባለው አሮጌ ሲኒማ ቤት አንድ የጣሊያን ፊልም መታየት ጀመረ። ፊልሙ ዘጠና ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ከተመልካቾቹ ስልሳ አንዱ ከዳባት በላይ ካለችው ከኮሶ አምባ ደብር በሁለት አውቶቡስ የመጡ ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ከፊት ረድፍ መሃል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ዘውዱ ይባላሉ፤ በፊልሙ ውስጥ ሬሳ ሆነው የተኙት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቀን የከተማው መብራት አልተቋረጠም።

ወደዚያ አዳራሽ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። የተቀበለኝ ሽታ ግን አልተለወጠም፤ አቧራ የጠጣ የከፋይ መጋረጃ፣ የወለል ሰም፣ ከእንጨቱ ስንጥቅ ተጠርጎ የማያልቅ የሱፍ ቅርፊት። በሥራ ዘመኔ ሽታን ማስረጃ አድርጌ የጻፍኩት ዜና የለም። ቅዳሜ ዕለት ግን ሽታው ብቻውን ወደ ሃያ ሦስት ዓመቴ መለሰኝ። ያኔ አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ጋዜጣ የጎንደር ወኪል ነበርኩ። ቢሮዬ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ያላት ዕቃ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና እግሩ የሚወላገድ ወንበር ነበር። ጠዋት ዜናዬን ጽፌ ለፖስታ እሰጥና ከሰዓት በኋላ አራዳን እዞራለሁ። ከከተማው ወሬ ውስጥ በአራዳ ያላለፈ አልነበረም፤ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር።

ያኔ ከጉልበት በታች ሰፊ የሆነ ሱሪ ለማሰፋት ሁለት ሳምንት ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን በረንዳ ላይ ዘርግቶ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣ የከተማውን ጎረምሳ ሁሉ ወገብ ልክ በቃሉ ያውቅ ነበር። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው። ፓስታ በስጎ ስልሳ ሳንቲም። ፒያሳ ከነበሩት ቡና ቤቶች በአንዱ ሳንቲም ሲጎርስ የሚዘፍን ሳጥን ነበር፤ ፍቅር የያዘው አንድ የባንክ ጸሐፊ በአንድ ምሽት ያንኑ ዘፈን ዘጠኝ ጊዜ አስዘፍኖ፣ በአሥረኛው ባለቤቱ ሶኬቱን ነቅለውበታል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በቀለም የተሳለ ትልቅ ሰሌዳ ጋሪ ላይ ተጭኖ በአራዳ ይዞራል፤ ከሰሌዳው ጎን የተቀመጠው ሰውዬ በድምፅ ማጉያ የፊልሙን ግማሽ ታሪክ በነፃ ይነግረናል። ግማሹን ለማየት የፊት ወንበር ስሙኒ፣ ፎቁ ሽልንግ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ባጃጅ ይተራመስበታል፤ በልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሁለት ወጣቶች ሞባይል ይጠግናሉ። አንዱን ስለ ልብስ ሰፊው ጠየቅሁት። «አባባ፣ እኛ ስንመጣ በረንዳው ባዶ ነበር» አለኝ። አመስግኜው አለፍኩ።

ጣሊያኑ ወደ ጎንደር የመጣው ክረምቱ ወጥቶ ደጋው አደይ ሲለብስ ነው። ስሙ ኤንሪኮ ነበር። አንገቱ ረጅም፣ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ፤ በቆየበት ስድስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ቡናማ ሹራብ በቀር ሌላ ለብሶ አላየሁትም። ከዚያ በፊት የራሱ ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ሰዎቹ አምስት፣ ካሜራው አንድ፣ የፊልም ጥቅሉም በቁጥር ነበር። ስለ ሥራው ስጠይቀው ያስረዳኝ፣ ታሪኩ ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረ አባቱን ፍለጋ ስለሚመጣ ጣሊያናዊ ወጣት ነው፤ ወጣቱ አባቱን አስጠግቶት የነበረው ገበሬ ቤት የሚደርሰው ገበሬው በሞተ ቀን ነው፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ለቅሶው መሃል ይቆማል። ይህን ያስተረጎመልኝ ጋሽ ንጉሤ የሚባል የአራዳ መካኒክ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ጣሊያንኛን የተማረው ጋራዥ ውስጥ ነው። ቱታውን ሳያወልቅ፣ ካቻቢቴውን በደረት ኪሱ እንደ እስክሪብቶ ሰክቶ ያስተረጉም ነበር።

ኮሶ አምባን የመረጡት ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለች ደብር ስለሆነች ነው። ከማዶ ያለው ደብር ቤቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ለመድረስ ግን ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት፣ ለፈጣን እግረኛ አንድ ሰዓት ነው። እስከ ዳባት በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ወጣን። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ሥላሴ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ፈቀዱ፤ ግን ወሰን አበጁለት። ፍትሐት አይደረግም፤ ደወል አይደወልም፤ ካህን አይቆምም፤ ለቅሶው በሜዳ ይሁን። ሬሳ የሚሆን ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደኋላ አለ። ወደፊት የወጣው ዘውዱ ነው። «መተኛት ነው አይደል?» አለ። «ቀኑን ሙሉ የሚያስተኛ ሥራ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

አሁን አያ ዘውዱን አንቱ እላቸዋለሁ። ያኔ ግን ሁለታችንም ወጣቶች ስለነበርን የምንባባለው አንተ ነበር፤ ስለዚያ ቀን ስጽፍም በደብተሬ እንዳለው እጽፋለሁ።

ዘውዱ ታከለ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ሁለቱ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። ምክንያቱ ከአባታቸው በወረሱት የገብስ ማሳ መካከል ያለ አንድ የድንበር ድንጋይ ነው። ዘውዱ «ወደ እኔ ተገፍቷል» አለ። ታከለ «ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነው» አለ። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ታከለ በሰው ፊት «ሞቴን አትቁም፣ ሞትህንም አልቆምም» ብሎ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ ከገደሉ ማዶ ሚስቱ አገር ገባ። በዚያ አገር ከዚህ የከበደ ቃል የለም። ሰው ከጠላቱ ጋር እንኳ ለቅሶ ላይ ይገናኛል፤ ያንን የቆረጠ ሌላ የሚቆርጠው አይተርፈውም። ይህን ሁሉ ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት አላውቅም ነበር። ኤንሪኮም አያውቅም።

ስህተቱ የተፈጠረው እውነትን በሚወድ ሰው ነው። በኮሶ አምባ ሰው ሲሞት ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጥሩምባ የሚነፋና ስም የሚጠራ አያ መኩሪያ የሚባል ሰው ነበር። ጥሪው ከአምባ ወደ አምባ እየተቀበሉት ይሻገራል። ኤንሪኮ ጥሩምባውንና ጥሪውን መቅረጽ ፈለገ። በጽሑፉ የሟቹ ስም ተስፋዬ ነበር። ጋሽ ንጉሤ ይህን ሲነግረው አያ መኩሪያ ጥሩምባውን ከአፉ አወረደ።

«ተስፋዬ የሚባል ሰው በዚህ ደብር የለም» አለ።

«የውሸት ነው እኮ፣ አያ መኩሪያ። ለፊልሙ ነው» አለው ጋሽ ንጉሤ።

«ሃያ ዓመት ስጠራ የሌለ ሰው ጠርቼ አላውቅም። ሐሰት አልጠራም።»

«ታዲያ ማንን ትጠራለህ?»

አያ መኩሪያ ጠፍር አልጋው ላይ ጋቢ ተከናንቦ ወደተኛው ሰው ተመለከተ። «አልጋው ላይ ያለው ማን ነው? ዘውዱ አይደለም? ዘውዱን እጠራለሁ።» ኮረብታው ላይ ወጣ፣ ነፋ፣ ጠራ። በደብተሬ የሰፈረው ሰዓት ከጠዋቱ አራት ከአሥር ነው። እኔ ከአልጋው አጠገብ ነበርኩ፤ ጥሪው ወደ ማዶ ሲሻገር ሰምቻለሁ። የውሸት መሆኑን የሚነግር አንድ ሰው ወደ ማዶ መላክ እንዳለበት ግን አላሰብኩም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው የፈጸመው ስህተት ብቻ አስመስዬ እንዳላልፈው ነው።

ለቅሶው መጀመሪያ አልሆነላቸውም። የደብሩ ሰው ዘውዱ መኖሩን እያየ ማልቀስ አቃተው። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ሳቅ አበላሸው። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አንስተው፣ «ኧረ ሸጋ ሬሳ ነው፣ ያንኮራፋል!» አሉና ሴቶቹ ሁሉ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ኤንሪኮ እጁን ፀጉሩ ውስጥ ከቶ የቀረውን ጥቅል ይቆጥራል። ለአራተኛ ጊዜ ካሜራው ሲነሳ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከአፋፉ በኩል ጩኸት መጣ። ያኛው ጩኸት የፊልም አልነበረም። ማንም ሳይነግረን ሁላችንም አወቅነው።

ታከለ ከፊት ነበር። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ በርኖሱ ከአንድ ትከሻው ወርዶ፣ ላብና እንባው ተቀላቅሎ መጣ። ከኋላው ከማዶ አብረውት የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ሁለት መቶ የሚሉ አሉ፣ እኔ የቆጠርኩት አርባ ሦስት ነው። ከመካከላችን አንዱ ሊያስቆመው ተነሳ። ዳር ቆመው የነበሩት አባ ወልደ ሥላሴ እጃቸውን አነሱ። «ተዉት» አሉ። «ይናገር።» ታከለ አልጋው ሥር ደርሶ በርኖሱን አውልቆ ጋቢው ላይ ደረበው። ደረቱን መታና ሙሾ አወጣ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ደጅህን ሳልረግጥ፣
ዛሬ መጣሁልህ ልቤ ሲቀልጥ።

ሲያወጣ የደብሩ ሴቶች ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ዘውዱ የወንድሙን ድምፅ ገና ከአፋፉ ለይቶታል። በኋላ «ምነው ያኔውኑ አልተነሳህም?» ብዬ ጠይቄው፣ «ሰባት ዓመት የዘጋኝ ሰው አፉን ሲከፍት ላቋርጠው?» ነው ያለኝ። ታከለ ሁለተኛውን አወጣ።

ድንጋዩን የገፋሁ እኔ ነኝ በማታ፣
ተነስና መልሰው ዘውዱ የኔ ጌታ።

ዘውዱ ተነሳ። ጋቢውንና በርኖሱን ገፎ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ከማዶ ከመጡት ውስጥ የሸሸው ብዙ ነው፤ አንዱ ሰው ኮሶ ዛፍ ላይ ወጥቶ እስከ ከሰዓት አልወረደም። ታከለ አልሸሸም። ወንድሙን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተው። ከዚያ በዱላው ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታው።

«አንተ ጉድ! ሞተህ ነው የምታዳምጠኝ?»

«አያ፣ ታላቄ ተነስ ካለኝ ምን ላድርግ?»

ሦስተኛ ዱላ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። አንገት ለአንገት ተያያዙ። አባ ወልደ ሥላሴ መጥተው መስቀላቸውን በሁለቱ ራስ ላይ አሳረፉ። ለፊልሙ ለቀስተኛ የተሰናዳውን እንጀራና ጠላ እውነተኛው ለቀስተኛ በላው፣ ጠጣው። ኤንሪኮ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ ነበር። ምን እንደሆነ እንዲነገረው ጋሽ ንጉሤን ደጋግሞ ጠየቀ። ጋሽ ንጉሤ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን በምን ጣሊያንኛ ልንገረው? እኔ የማውቀው የማርሽ ካምቢዮ ጣሊያንኛ ነው» አለኝ። ቢሆንም ሞከረ። ኤንሪኮ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጋሽ ንጉሤ ተረጎመው። «ተበላሸብኝ ይላል። ሬሳው ተነሳበት።»

ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ለቅሶ ተቀረጸ። በዚያኛው የደብሩ ሰው በሥነ ሥርዓት አለቀሰ። ዘውዱ አላንኮራፋም። ታከለ ወደ ማዶ ተመልሶ ስለነበር አልነበረበትም። ይህ ሁለተኛ ለቅሶ መኖሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንቅልፍ ባይነሳኝም ሐሳብ ሆኖብኝ ኖሯል፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እጽፋለሁ።

ታከለ በሳምንቱ ድንጋዩን ሊመልስ መጣ። ዘውዱ አላስነሣውም። «ይቀመጥ፤ ታላቄ ያስቀመጠው ነው» አለው። ድንጋዩ አሁንም እዚያው አለ፤ ባለፈው ጥቅምት ሄጄ አይቼዋለሁ።

እኔ ስለ ነገሩ ወደ አዲስ አበባ ዘጠኝ አንቀጽ ላክሁ። የታተመው አራት መስመር ነው፤ የጣሊያን ፊልም ሠሪዎች ደጋውን እንደጎበኙና በመልክዓ ምድሩ እንደተደነቁ ይናገራል። አዘጋጁን በስልክ ስጠይቀው «ሞቶ የተነሳ ሰው ለእኛ ገጽ አይሆንም» አለኝ። ከአንድ ዓመት ግድም በኋላ በሬዲዮ ሰማሁ፤ ፊልሙ ጣሊያን አገር በተደረገ አንድ ፌስቲቫል ለአዲስ ዳይሬክተር የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። ኮሶ አምባ ሄጄ ነገርኳቸው። አያ መኩሪያ ጥሩምባውን ይዞ ኮረብታው ላይ ወጣ፤ በዚያ ቀን ሞት ሳይኖር ተነፍቷል። «ወደ ጎንደር ሲመጣ እናየዋለን» ተባባልን። አልመጣም። ዘመን ተለወጠ፤ ሲኒማ ቤቱም ሌላ ሌላ ነገር አሳየ፣ ከዚያም ለስብሰባ ዋለ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ጠባቡ ሱሪ መጣ፣ ሰፊው ቀረ፣ እንደገና ሰፊው መጣ።

ታከለ ፊልሙ በተቀረጸ በሦስተኛው ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወርዶ በንዳድ ሞተ። የተቀበረውም እዚያው ነው። ኮሶ አምባ ለቅሶው ሲደረግ አልጋው ላይ የተዘረጋው፣ ቆላ አያስፈልግም ብሎ ትቶት የሄደው በርኖሱና ዱላው ነው። ሙሾውን ያወጣው ዘውዱ ነበር። ታከለ አንዲት የስምንት ወር ሴት ልጅ ትቶ ሞተ፤ እንዬ ትባላለች። ፎቶግራፍ ተነስቶ አያውቅም። እንዬ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ዛሬ ራሷ የልጅ ልጅ አላት፤ የአባቷን ፊት ግን አታውቀውም። ሰዎችን ስትጠይቅ አንዱ ረጅም ነበር ይላታል፣ አንዱ መካከለኛ። አንዱ ቀይ፣ ሌላው ጠይም። እኔም በደብተሬ «ላብና እንባ» ብዬ ጽፌ መልኩን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። የታከለ ፊት በዓለም ላይ ካለ፣ ያለው በዚያ ፊልም ውስጥ ነው። ያም ኤንሪኮ የመጀመሪያውን ለቅሶ ያልጣለው ከሆነ ነው።

ለጣሊያን አገር በየዘመኑ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ለሦስቱም መልስ አላገኘሁም። ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ በኢንተርኔት አንድ የአሮጌ ፊልሞች ቤተ መዛግብት አድራሻ አወጣችልኝና በኢሜይል ጻፍኩ። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ኤንሪኮ ከብዙ ዓመታት በፊት ማረፉን፣ ፊልሙ ግን በቅርቡ መታደሱን፣ ለጎንደር ቅጂ ሊልኩ እንደሚችሉ ገለጹልኝ። ለቅሶ አለበት ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «አንድ የለቅሶ ትዕይንት አለ» አሉ። አንድ። የትኛው እንደሆነ ከእነሱ መካከል ሊያውቅ የሚችል አልነበረም።

ቅጂው ሲደርስ ኮሶ አምባ ወጥቼ ለአያ ዘውዱ ነገርኳቸው። ሰው ከመሰብሰባችን በፊት ብቻዬን አይቼ ላረጋግጥ አልኩ። እንዬ አብራን ተቀምጣ ነበር።

«አይሆንም» አሉ አያ ዘውዱ።

«አያ፣ ታከለ ከሌለበት ይህን ሁሉ ሰው ለምን እናንገላታለን?»

«ከእኔ በፊት አታየውም። ሬሳው እኔ ነኝ።» ቀና ብለው እንዬን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ አይተህ ስትመለስ ፊትህን ታነበዋለች። ከሌለም አብረን እንጣው፣ ጸሐፊው።»

ቅጂው ዘጠኝ ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ተቀመጠ። አልከፈትኩትም። በአርባ ምናምን ዓመት የጋዜጠኝነት ሥራዬ ሳላረጋግጥ ሰው የጠራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቅዳሜ አውቶቡሶቹ ስድስት ሰዓት ላይ አራዳ ደረሱ። አያ ዘውዱ በርኖስ ለብሰዋል፤ የራሳቸው አይደለም፣ የታከለ ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስልካቸውን ይዘው ሲኒማ ቤቱን ፎቶ ያነሱታል። አዳራሹ ውስጥ እንዬን ከቀኛቸው፣ እኔን ከግራቸው አስቀመጡ። የአዳራሹ መብራት ሲጠፋ የደጋው ጉም ነጩን የፊልም መጋረጃ ሞላው። ሰዉ አገሩን ሲያይ መቀመጥ አልቻለም። «ያ የእነ መኩሪያ ጎጆ!» «ዛፉን እዩት፣ ያን ጊዜ ትንሽ ነበር!» «ዝም በሉ፣ እሱ አባቴ ነው!» ከሞቱ የቆዩ አንዲት አሮጊት በመጋረጃው ላይ ሲያልፉ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ስማቸውን ጠራ። የጣሊያንኛውን ንግግር የተረዳ አልነበረም፤ የፈለገውም አልነበረም። አያ መኩሪያ በጎልማሳነቱ ኮረብታው ላይ ቆመና ጥሩምባውን ነፋ። ጥሪው የዘውዱ ነው። ኤንሪኮ ስሙን አልለወጠውም።

ሰዓቴን አየሁ። አሥር ሰዓት ከሠላሳ አንድ ነበር። መጋረጃው ላይ ጠፍር አልጋው፣ ጋቢው፣ በክብ የቆሙት ሴቶች ታዩ። የትኛው ለቅሶ እንደሆነ ገና አይለይም። እንዬ የአያ ዘውዱን እጅ ይዛለች። ከዚያ በመጋረጃው ላይ የነበሩት ሴቶች አንድ ላይ ወደ አፋፉ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ሲጠፋ ይታያል። ጩኸቱ መጣ። ታከለ መጣ።

መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ቀረበ፣ ቀጥሎ መጋረጃውን ሞላው። ጠይም ነው። ግንባሩ ሰፊ ነው፤ የግራ ቅንድቡ በትንሽ ጠባሳ ተከፍሏል። አዳራሹ ውስጥ ያለው የኮሶ አምባ ሰው በሙሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ እንደሚያደርገው ከመቀመጫው ተነሳ። የከተማው ተመልካችም ተከትሎ ተነሳ። ያልተነሱት አያ ዘውዱና እንዬ ብቻ ነበሩ።

«ይሄ ነው?» አለች እንዬ።

«ይሄ ነው።»

«ቅንድቡ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ነኝ። ልጅ ሳለን በድንጋይ።»

እንዬ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ነው የሳቀችው። ሃምሳ ዓመት ያህል ስትጠይቅ ስለዚያ ጠባሳ የነገራት ሰው አልነበረም። ዞር ብላ ከኋላ ረድፍ ያለውን ልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፣ ወደ መጋረጃው አዞረችው። «ግንባርህን አየኸው?» አለችው። «ግንባርህን አየኸው?»

ታከለ በርኖሱን አውልቆ ጋቢው ላይ ደረበ። ያው በርኖስ አሁን ከፊት ረድፍ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ሙሾ አወጣ፤ የአዳራሹ ሴቶች ከመጋረጃው ሴቶች ጋር አብረው ተቀበሉት። ሁለተኛውን አወጣ። ድንጋዩን የገፋሁ እኔ ነኝ አለ፤ ተነስና መልሰው አለ። ፊልሙ እዚያ ላይ ይቆረጣል። የሚቀጥለው ምስል ጉሙና ገደሉ ነው። ኤንሪኮ የሬሳውን መነሳት ጥሎ ሌላውን ሁሉ ፊልሙ ውስጥ አቆይቶታል።

አያ ዘውዱ ተነሱ። ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ በሁለት ትንፋሽ፣ በታከለ በርኖስ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ተነስቻለሁ፣ አያ!» አሉ ወደ መጋረጃው። «አለሁ!»

ዕልልታው ፎቁን ሞላ። ከከተማው ሰው ነገሩን የማያውቀውም አጨበጨበ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አያ ዘውዱ ከፊት ረድፍ ሆነው ፎከሩ፤ ከኋላ የነበሩት ወንዶች ተቀበሏቸው። የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛ ጠብ የተነሳ መስሎት በሩን ከፍቶ ገባ፣ አየ፣ እሱም ቆመ። የቀረውን ሃያ ደቂቃ ያህል በቅጡ ያየ የለም፤ እኔም አላየሁም።

ፊልሙ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ላይ አበቃ። መብራት ሲበራ እንዬ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ይደገማል?» አለች። ወደ ማሽኑ ክፍል ወጥቼ ጠየቅሁ።

ታከለ በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ፊልሙ ከመጀመሪያው እንደገና የተከፈተው አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ከአዳራሹ የወጣ ሰው አልነበረም።